የጃንጎን አድሚን ለቡና ማኅበር ቢሮ ስናስተካክል፦ የትኛው ቴምፕሌት፣ የት፣ እንዴት

ጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ ከማና እስከ ጎማ፣ ቡና የሚረከቡ መሠረታዊ ማኅበራት ሶፍትዌር ሲያሠሩ የሚጠይቁት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ገበሬው ያስረከበው ኪሎ የሚመዘገብበት ገጽ፣ የቀኑ ድምር፣ የሚታተም ደረሰኝ፣ ሁሉም በሚገባቸው ቋንቋ። ለዚህ ሥራ ጃንጎ (በፓይተን የተሠራ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ይዞት የሚመጣው አድሚን፣ ማለትም የመረጃ ማስተዳደሪያ ገጽ፣ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው ማስተካከሉ ላይ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ቴምፕሌቱን (የገጹን ኤችቲኤምኤል የያዘውን ፋይል) ከነነፍሱ ገልብጠው ይጽፉታል፣ ጃንጎን ወደ አዲስ ቨርዥን ባሳደጉ ቀን ደግሞ ገጹ ይበላሽባቸዋል። የሚያዋጣው በተቻለ መጠን ጥቂት መንካት፣ የሚነካውንም ትክክለኛ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው።

የፋይልና የትዕዛዝ ስሞችን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮድ ውስጥ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። ነጥቡ፣ የግርጌ ሰረዙና ሌላው ምልክት ግን እንዳለ ነው። ምሳሌ የማደርገው «ቡና» የሚባል አፕ ነው፤ ውስጡ «ገበሬ» እና «ቡናደረሰኝ» የሚባሉ ሞዴሎች (የመረጃ ሠንጠረዦች) አሉት።

ቴምፕሌት ከመክፈታችሁ በፊት ያለ ቴምፕሌት የሚሆነውን ጨርሱ። ከላይ የሚታየውን የድርጅት ስም ለመቀየር ዩአርኤልስ.ፓይ ውስጥ የአድሚን.ሳይትን ሳይት_ሄደር፣ ሳይት_ታይትል እና ኢንዴክስ_ታይትል መሙላት ብቻ ይበቃል፤ ሦስት መስመር ነው። ሞዴሉ በአማርኛ እንዲታይ ቨርቦዝ_ኔም ስትሰጡ ቨርቦዝ_ኔም_ፕሉራልንም አብራችሁ ስጡ። ካልሰጣችሁ ጃንጎ ብዙ ቁጥር ለማድረግ እንግሊዝኛዋን ኤስ ከኋላ ይለጥፋታል፣ ሜኑው ላይ «ገበሬ» የሚለው ቃል የላቲን ፊደል ጅራት አውጥቶ ይወጣል። «ገበሬዎች» ብላችሁ በራሳችሁ ጻፉት።

«ሴቭ ኤንድ አድ አናዘር» የሚለውን ቁልፍ ለማጥፋትም ሰብሚት_ላይን የተባለውን ቴምፕሌት መገልበጥ አያስፈልግም። ቼንጅፎርም_ቪው ላይ በኤክስትራ_ኮንቴክስት «ሾው_ሴቭ_ኤንድ_አድ_አናዘር»ን ፎልስ ማድረግ በቂ ነው፤ «ሾው_ሴቭ_ኤንድ_ኮንቲኒው»ም እንዲሁ ይሠራል። የመሰረዣውን ቁልፍ ግን በቴምፕሌትም በሲኤስኤስም አትደብቁት። ቁልፉ ቢጠፋም አድራሻውን በእጁ የጻፈ ሰው ደረሰኙን ይሰርዘዋል። የገንዘብ ሰነድ ላይ ሃዝ_ዲሊት_ፐርሚሽን ፎልስ እንዲመልስ አድርጉ፤ ቁልፉም በራሱ ይጠፋል፣ በሩም ይዘጋል። ስለዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው የተደበቀ ቁልፍን እንደ መከላከያ የሚቆጥር ሥራ ደጋግሞ ስለሚያጋጥም ነው።

አሁን ወደ ቴምፕሌቱ። ሴቲንግስ ውስጥ ቴምፕሌትስ የሚለው ክፍል ላይ ዲርስ የተባለው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ እዚያ የፕሮጀክቱን ቴምፕሌትስ ፎልደር ጨምሩ፣ ፎልደሩንም ከማኔጅ.ፓይ ጎን ፍጠሩት። ጃንጎ ቴምፕሌት ሲፈልግ መጀመሪያ ዲርስን ያያል፣ ከዚያ ኢንስቶልድ_አፕስ ውስጥ ባለው ቅደም ተከተል የየአፑን ቴምፕሌትስ ፎልደር ያያል፣ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል። ከአድሚኑ ፋይል ጋር አንድ ስም ያለውን ፋይላችሁን በአፓችሁ ውስጥ ካስቀመጣችሁና አፓችሁ ከጃንጎ.ኮንትሪብ.አድሚን በታች ከተመዘገበ የእናንተው ፈጽሞ አይነበብም። ስሕተትም አያወጣም፤ ዝም ብሎ የድሮውን ገጽ ያሳያችኋል። ዲርስን የምንመርጠው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የፎልደር አወቃቀር ነው። ለመላው ሳይት የሆነ ፋይል ቴምፕሌትስ/አድሚን ውስጥ ይቀመጣል። ለአንድ አፕ ብቻ ከሆነ ቴምፕሌትስ/አድሚን/ቡና ውስጥ፣ ለአንድ ሞዴል ብቻ ከሆነ ቴምፕሌትስ/አድሚን/ቡና/ቡናደረሰኝ ውስጥ። የሞዴሉ ፎልደር ስም ሁሉም በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተትና ያለ የግርጌ ሰረዝ ነው። ክላሱ በሁለት ትልልቅ ፊደሎች ቢጻፍም ፎልደሩ ላይ «ቡና_ደረሰኝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አይገኝም። ዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ ይሠራ የነበረው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲወጣ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁሉም ቴምፕሌት በአፕና በሞዴል ደረጃ አይተካም። ቼንጅ_ሊስት፣ ቼንጅ_ፎርም፣ ዲሊት_ኮንፈርሜሽን፣ ኦብጀክት_ሂስትሪ፣ ሰብሚት_ላይን፣ ሰርች_ፎርም፣ ፔጂኔሽን እና መሰሎቻቸው ይተካሉ። ቤዝ_ሳይት፣ ኢንዴክስና ሎጊን ግን ለሳይቱ በሙሉ አንድ ናቸው። አንድ ሞዴል ላይ ቼንጅ_ሊስት_ቴምፕሌት የሚለውን ባሕርይ ከሞላችሁ ደግሞ ፎልደሩ አይታይም፣ ባሕርዩ ያሸንፋል።

የትኛው ፋይል እየተነበበ እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ አትገምቱ። በማኔጅ.ፓይ ሼል ግቡ፣ ከጃንጎ.ቴምፕሌት.ሎደር ጌት_ቴምፕሌትን ጥሩ፣ «አድሚን/ቤዝ_ሳይት.ኤችቲኤምኤል» ብላችሁ ስጡትና የመለሰውን ኦሪጅን አትሙ። የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ያወጣላችኋል። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን የጃንጎን ዋና ቴምፕሌቶች ለማየትም ጎግል አያስፈልግም፤ ሳይት-ፓኬጅስ ውስጥ ጃንጎ/ኮንትሪብ/አድሚን/ቴምፕሌትስ ስር ሁሉም አሉ፣ ያውም በትክክል የጫናችሁት ቨርዥን።

የምትጽፉት ፋይል የመጀመሪያ መስመር ኤክስቴንድስ (ሌላ ቴምፕሌት ውረስ የሚል ትዕዛዝ) ነው። ከጃንጎ 1.9 ጀምሮ አንድ ቴምፕሌት የራሱኑ ስም ኤክስቴንድ ማድረግ ይችላል፤ ቴምፕሌትስ/አድሚን/ቤዝ_ሳይት ውስጥ ሆናችሁ «አድሚን/ቤዝ_ሳይት»ን ብትጠሩ ጃንጎ የእናንተን ፋይል ዘልሎ ቀጣዩን፣ የራሱን ያመጣል። ስለዚህ መገልበጥ ምክንያት የለውም። ከኤክስቴንድስ በኋላ የሚለወጠውን ብሎክ (ስም የተሰጠው የቴምፕሌት ክፍል) ብቻ ክፈቱ፣ የነበረው እንዲቆይ ብሎክ.ሱፐርን ጻፉ። ሁለት ወጥመዶች አሉ። ከብሎክ ውጭ የጻፋችሁት ማንኛውም ነገር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጣላል። ሎድ የምትሉት ታግ ደግሞ ከወላጁ አይወረስም፤ ስታቲክ ወይም አድሚን_ዩአርኤልስ ከፈለጋችሁ በራሳችሁ ፋይል እንደገና ሎድ አድርጉ።

አርማ ለማስገባት የሚነካው ብራንዲንግ የሚባለው ብሎክ ነው። ከ4.2 ወዲህ ግን በዚያው ብሎክ ውስጥ፣ ተጠቃሚው ገና ካልገባ፣ የብርሃንና የጨለማ ገጽታ መቀየሪያው አለ። ብሎኩን ያለ ብሎክ.ሱፐር ሙሉ በሙሉ ከተካችሁ ከሎጊን ገጹ ላይ መቀየሪያው ይጠፋል። ቀለም ስትቀይሩም ለየክላሱ የሲኤስኤስ ሕግ አትጻፉ፤ ከ3.2 ጀምሮ አድሚኑ በሲኤስኤስ ቫሪያብሎች ነው የሚቀባው። ኤክስትራስታይል ብሎክ ውስጥ ብሎክ.ሱፐርን አስቀድማችሁ ፕራይመሪን፣ ሄደር-ቢጂንና በተን-ቢጂን ብቻ ስትሰጡ የገጹ ዋና ዋና ክፍሎች ይከተላሉ። ከዚያ መቀየሪያውን አውቶ፣ ላይት፣ ዳርክ እያደረጋችሁ ሦስቱንም ተመልከቱ። ለላይት ብቻ ታስቦ የተመረጠ የጽሑፍ ቀለም ዳርክ ላይ አይነበብም።

ቫሪያብል ያልሆነ ሕግ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ቼንጅ_ፎርም እና ቼንጅ_ሊስት በዚሁ ኤክስትራስታይል ላይ የራሳቸውን ሲኤስኤስ ከእናንተ በኋላ ይጨምራሉ፤ ክብደቱ እኩል የሆነ ሕግ ከሆነ የእነሱ ያሸንፋል። እንዲህ ዓይነቱን ኤክስትራሄድ ብሎክ ውስጥ አድርጉት፣ ዘግይቶ ስለሚመጣ ይይዛል።

የፊደሉ ጉዳይ ለእኛ ከቀለሙ ይበልጣል። የአድሚኑ ሠንጠረዥ ጽሑፍ ትንሽ ነው፣ ለላቲን የተለካ ነው፤ «ጨ» እና «ጬ»ን በዚያ መጠን ለመለየት ዓይን ይደክማል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በዎፍ2 ፋይል ስታቲክ ፎልደራችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከውጭ ሳይት አትጥሩት፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ገጹ ሲጠብቅ ይቆያል። ፎንት-ፌስ ላይ ዩኒኮድ-ሬንጁን ከ1200 እስከ 137ኤፍ ወስኑት፤ ያኔ ፊደሉ በኖቶ፣ ቁጥሩና ላቲኑ በነባሩ ፎንት ይወጣል። ከዚያ ፎንት-ፋሚሊ-ፕራይመሪ የሚለውን ቫሪያብል በዚሁ ጀምሩት፣ የሠንጠረዡንና የፎርሙን የጽሑፍ መጠን ወደ 15 ፒክስል፣ የመስመሩን ከፍታ ወደ 1.6 አሳድጉት።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ የጃንጎ ነባሪ የላንጉዌጅስ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሉም። ላንጉዌጅ_ኮድን ዝም ብላችሁ «ኤኤም» ብትሉት ሲስተም ቼኩ ትራንስሌሽን.ኢ004 ብሎ ያቆማችኋል። ላንጉዌጅስን በራሳችሁ ጻፉ፣ ሎኬል_ፓዝስ ስጡ፣ ሎኬል/ኤኤም/ኤልሲ_ሜሴጅስ ውስጥ ጃንጎ.ፒኦ ፍጠሩ። ሜክሜሴጅስ የእናንተን ኮድ እንጂ የአድሚኑን ጽሑፍ አይሰበስብም፤ ስለዚህ መተርጎም የምትፈልጉትን የአድሚን ሐረግ ከእንግሊዝኛው ሳይዛነፍ፣ በትልቅና ትንሽ ፊደሉ ጭምር፣ ራሳችሁ ጨምሩ። «አድ» ብሎ የሞዴሉን ስም የሚያስከትለው ሐረግ በአማርኛ ይገለበጣል፤ ስሙ ቀድሞ «ጨምር» ወይም «መዝግብ» ይከተላል። የስሙን ቦታ መያዣ ግን እንደነበረ ተዉት፣ አንድ ፊደል ከተነካ ይበላሻል። ፈዚ (ያልተረጋገጠ) የሚል ምልክት ያለበት ትርጉም አይነበብም። ኮምፓይልሜሴጅስ ካላችሁ በኋላ ሰርቨሩን አስነሡ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፣ ድምሩ ከላይ ይታይ ወደሚለው። የሒሳብ ሠራተኛዋ በወረዳ፣ በቀን ወይም በእሸትና በጀንፈል (በደረቅ ቡና) ለይታ ስታጣራ ድምሩ አብሮ መለወጥ አለበት። ይህ ቼንጅሊስት_ቪው ላይ ይሠራል፦ በመጀመሪያ የሱፐርን (የወላጅ ክላሱን) መልስ ተቀበሉ፣ ከመልሱ ኮንቴክስት_ዳታ ውስጥ «ሲኤል»ን (ዝርዝሩን የያዘውን ኦብጀክት) አውጡ፣ የሲኤልን ኩዌሪሴት በሰም (በመደመሪያው ትዕዛዝ) አግሪጌት አድርጉ፣ ውጤቱን መልሳችሁ ኮንቴክስት_ዳታ ውስጥ አስገቡ። መልሱ ገና ስላልተሰናዳ ቴምፕሌቱ ያገኘዋል።

ሪዛልት_ሊስትን አትደምሩ። እሱ የሚታየው ገጽ ብቻ ነው፣ በነባሪው 100 ረድፍ፤ ኩዌሪሴት ግን የተጣራውን ሁሉ ይይዛል። በምርት ወቅት 300 ደረሰኝ ባለበት ቀን ልዩነቱ 200 ደረሰኝ ነው። ሰም ረድፍ ካላገኘ ዜሮ ሳይሆን ነን (ባዶ ዋጋ) ይመልሳል፣ ስለዚህ «ኦር 0» ጨምሩ። ደግሞም መልሱ ሁልጊዜ የዝርዝር ገጽ አይደለም። አክሽን ተፈጽሞ ሪዳይሬክት ሲሆን ኮንቴክስት_ዳታ የለውም፣ አትሪቢውት ኤረር ይወጣል። የጅምላ መሰረዣ ማረጋገጫ ገጽ ሲሆን ኮንቴክስት_ዳታ አለ፣ ሲኤል ግን የለም፣ ኪ ኤረር ይወጣል። ሁለቱንም ያዙና መልሱን ሳትነኩ መልሱት።

ቴምፕሌቱ ራሱ ከዚያ በኋላ አጭር ነው። ቴምፕሌትስ/አድሚን/ቡና/ቡናደረሰኝ/ቼንጅ_ሊስት.ኤችቲኤምኤል ውስጥ «አድሚን/ቼንጅ_ሊስት»ን ኤክስቴንድ አድርጉ፣ ሪዛልት_ሊስት የሚባለውን ብሎክ ክፈቱ፣ ድምሩን በአንድ ዲቭ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ብሎክ.ሱፐር። ድምሩን በኪሎ ብቻ አትተዉት። ቡና ቢሮ ውስጥ ዋጋ የሚነገረው በፈረሱላ ነው፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ፤ ኪሎውን ለ17 አካፍላችሁ በፍሎትፎርማት ሁለት አሐዝ ይዛችሁ ጎን ለጎን አሳዩ። 1,700 ኪሎ ከሆነ 100.00 ፈረሱላ። ማካፈሉን ፓይተኑ ይሥራው፤ የጃንጎ ቴምፕሌት የማካፈያ ፊልተር የለውም።

የማተሚያ ቁልፉ የሚገባው ቼንጅ_ፎርም ላይ፣ ኦብጀክት-ቱልስ-አይተምስ ብሎክ ውስጥ ነው። ብሎክ.ሱፐርን ጻፉ፣ ከዚያ በኤልአይ ውስጥ ሊንኩን። ከዋናው ፎርም ውጭ ስለሆነ ምንም አይነካም። አፍተር_ፊልድ_ሴትስ ውስጥ ሌላ ፎርም ብታስገቡ ግን ኤችቲኤምኤል በፎርም ውስጥ ፎርም አይፈቅድም፣ ብራውዘሩ የውስጠኛውን ይጥለዋል፤ ቁልፋችሁን የነካ ሰው ዋናውን ፎርም ይልከዋል። መረጃ የሚቀይር ቁልፍ፣ ለምሳሌ «ክፍያ ተፈጽሟል» የሚል፣ ካስፈለጋችሁ ሰብሚት_በተንስ_በተም ብሎክ ላይ ስም ያለው የሰብሚት ቁልፍ ጨምሩና ሪስፖንስ_ቼንጅ ውስጥ ስሙ በሪኩዌስት.ፖስት እንዳለ ፈትሹ።

የማተሚያው አድራሻ በጌት_ዩአርኤልስ ይጨመራል፣ የእናንተ ከሱፐሩ ዝርዝር በፊት መምጣት አለበት። ከኋላ ከደረደራችሁት የአድሚኑ ሁሉን ያዥ አድራሻ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ምልክቱም ይታወቃል፦ ወደ መነሻ ገጽ ይመልሳችሁና መለያው «5/ፕሪንት» የሆነ ደረሰኝ የለም፣ ምናልባት ተሰርዞ ይሆናል የሚል መልእክት ያሳያል። ቪውውን በአድሚን_ሳይት.አድሚን_ቪው ጠቅልሉት። ይህ ግን የሚያረጋግጠው ሰውየው ስታፍ ሆኖ መግባቱን ብቻ ነው፤ ደረሰኝ የማየት ፈቃድ እንዳለው በሃዝ_ቪው_ፐርሚሽን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ከሌለው ፐርሚሽንዲናይድ አንሡ። የሚታተመው ገጽ ቤዝ_ሳይትን ባይወርስ ይሻላል፤ ሜኑውና ቀለሙ ወረቀት ላይ ምን ያደርጋል? 80 ሚሊሜትር የሙቀት ወረቀት ከሆነ የጽሑፉን ስፋት 72 ሚሊሜትር አድርጉት፣ ጠርዙ ላይ አሐዝ እንዳይቆረጥ።

ከቴምፕሌት ውጭ ቢሆንም ሁለት ነገር ካልተስተካከለ ሠራተኞቹ ገጹን ይጠሉታል። አንደኛው ፍለጋ ነው። ሰርች_ፊልድስ «ሀሰን» ተብሎ ሲፈለግ «ሐሰን» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም፣ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደሎች ናቸውና። ሞዴሉ ላይ የመፈለጊያ ስም የሚል ተጨማሪ ፊልድ ያዙ፤ ሴቭ ሲደረግ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ በሰባቱም ሆሄያት ቀይራችሁ ሙሉት። ጌት_ሰርች_ሪዛልትስ ላይ የተተየበውንም ቃል በዚያው መንገድ ቀይሩት። አፕዴት በሚለው የኩዌሪሴት ትዕዛዝ የተለወጠ ስም በሴቭ አያልፍምና እሱን ለብቻ አስቡበት።

ሁለተኛው ቀን ነው። የኢትዮጵያን ቀን ዴትፊልድ ውስጥ በቀጥታ ለማስቀመጥ አትሞክሩ፤ ጥቅምት 30 ሁለተኛው ወር ላይ 30ኛ ቀን ማለት ስለሆነ ፓይተን አይቀበለውም፣ ጳጉሜም 13ኛ ወር ሆና አትገባም። በፈረንጅ ቀን ይቀመጥ፣ ለማሳያ ሊስት_ዲስፕሌይ ላይ ወደ እኛ ቀን የሚቀይር ዓምድ ይጨመር፣ አድሚን_ኦርደር_ፊልዱ ዋናው ፊልድ ይሁን፤ ያኔ ርዕሱን ሲነኩት በትክክል ይደረደራል።

ሰርቨር ላይ ስታወጡ ዲበግ ፎልስ ሲሆን ቴምፕሌቶች ካሽ ይደረጋሉ፤ ፋይሉን ቀይራችሁ ጉኒኮርንን (ጃንጎን የሚያስኬደውን ሰርቨር) እንደገና ካላስነሣችሁ ለውጡ አይታይም። ስታቲክ ፋይሎችንም ጃንጎ ራሱ ማቅረብ ያቆማል፣ ኮሌክትስታቲክ አድርጉ። ማኒፌስት ስቶሬጅ (የተሰበሰቡ ስታቲክ ፋይሎችን በዝርዝር የሚይዘውን) የምትጠቀሙ ከሆነ ቴምፕሌቱ ውስጥ የጠራችሁት አንድ ሲኤስኤስ እንኳ ካልተሰበሰበ ገጹ በሙሉ 500 (የሰርቨር ስሕተት) ይላል።

ሌላ ሰው የሠራውን፣ ቴምፕሌቱ የተገለበጠበትን ፕሮጀክት ከተረከባችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሎግአውት ነው። ከ4.1 ጀምሮ አድሚኑ ሎግአውትን በፖስት ፎርም ይልካል፣ በ5.0 በተራ ሊንክ መውጣት ቀርቷል፤ የድሮ ቤዝ የተገለበጠበት ሳይት ላይ «ውጣ» ሲነካ 405 (ይህ መንገድ አይፈቀድም የሚል ስሕተት) ይመጣል። ሎድ ስታቲክፋይልስ የሚል መስመር ካለ ከ3.0 ወዲህ አይሠራም፣ ኢፍኢኩዋል ካለ ከ4.0 ወዲህ አይሠራም። እያንዳንዱን የተገለበጠ ፋይል ጃንጎ ውስጥ ካለው፣ በዚያን ጊዜ ከነበረው ቨርዥን ጋር በዲፍ (የፋይሎችን ልዩነት በሚያሳይ ትዕዛዝ) አነጻጽሩ፤ የሚለየው ብዙ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት መስመር አይበልጥም። እነዚያን መስመሮች ብቻ ወደ ብሎክ አውጡ፣ ቀሪውን ሰርዙ፣ ከዚያ ወደ 5.2 አሳድጉት።